አበባ ለማየት ብቻ?

ጥቁር ውሃ
ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ሰውአገኝ፣ ጎንደር

እንደምን ከረሙ? ቤተሰቡስ ደህና ነው? እኛ ደህና ነን። ስለ ጤናችን ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ለምን ዓይነት ሰው እንደምጽፍ ገና አላወቅሁምና።

ደብዳቤዎ ደርሷል። ሾፌሩ አብዱልጀሊል ዛሪማ ካለው የዙበይዳ ሱቅ አስቀምጦት ሄዶ፣ አንድ ሳምንት ከስኳር ጆንያ ላይ ተጋድሞ ነው እኛ ዘንድ የደረሰ። ስልኩ ቢሠራ ድምፅዎን ሰምቼ አንድ ነገር እለይ ነበር። ኔትወርክ ከጠፋ ግን ይኸው ዓመት አለፈው። ወረቀት ደግሞ ፊት የለውም፣ ይሳቅበት ይለቀስበት አይታወቅም።

ሦስት ጊዜ አነበብነው። «የድንጋይ አበባው ሲፈነዳ አይቼ ልመለስ፣ ይፍቀዱልኝ» ይላል። አያ ሰውአገኝ፣ ሰው ለማር ሲወርድ አይቻለሁ፣ ለበሬ ግዢ ሲወርድ አይቻለሁ፣ ለለቅሶ ሲወርድም አይቻለሁ። አበባ ለማየት ብሎ ሊማሊሞን ቁልቁል የወረደ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

በኛና በእናንተ ቤት መካከል ደም አለ። ወንድምዎ አምሐ በድንበር ጠብ ባለቤቴን መለሰን ከገደለው ሃያ ሰባት ዓመት ሆነው። አምሐ እስር ቤት ታሞ ሲሞት ደሙ ወደ እርስዎ ዞረ። አገርዎን ጥለው ጎንደር የቀሩትም በዚህ ነው። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ሰደዱ፤ ሦስቱንም ጊዜ «ልጄ ይደግና ራሱ ይወስን» ተብለው ተመለሱ። እንግዲህ ልጁ ባደገ ጊዜ ነው አበባ ያማረዎ።

ከደብዳቤው ግርጌ ደግሞ «በቤቱ ስንት ወንድ አለ?» የምትል ጥያቄ አለች። ምነው? አበባው በወንድ ቁጥር ነው የሚፈነዳው?

መልስዎን አይቼ እመልሳለሁ።

የመለሰ ባለቤት የትነበርሽ


ጎንደር፣ አዘዞ
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ የትነበርሽ

ጤና ይስጥልኝ። ከሁሉ በፊት ይቅርታዬን ይቀበሉኝ። ስለ ወንዶቹ የጠየቅሁት ሸሚዝ ልገዛ ነው። ባዶ እጄን ከደጅዎ ከምቆም ብዬ ሳስብ ባለቤቴ አየለች «ስንት እንደሆኑ ጠይቅ እንጂ» አለችኝ፣ ጠየቅሁ። እንዴት ሆኖ እንደሚነበብ የገባኝ የእርስዎ መልስ ሲመጣ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ፈተና ሳወጣ ኖሬ ጥያቄ መጠየቅ አላውቅም ማለት ነው።

ስለ አበባው ግን እውነቴን ነው። የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርሁ፣ አምና ጡረታ ወጣሁ። ከጠዳ ሜዳ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ብርድ ያገኘሁትን አበባ ሁሉ አድርቄ የለጠፍሁበት ትልቅ ደብተር አለኝ። አንድ ገጹ ባዶ ነው። ከምንጩ በላይ ባለው ገደል፣ አገሩ በበጋ ሲከስል፣ አንድ ቅጠል ሳይኖረው ከድንጋይ መካከል የሚያብበው የኛ አበባ ነው የጎደለኝ። በየዓመቱ በጠመኔ እሥለው ነበር። አንድ ጊዜ ተማሪ ተነሥቶ «ጋሼ፣ ፔታሉ አምስት ነው ስድስት?» ቢለኝ አፌን ሞልቼ መናገር አቃተኝ። አገሬን ስንት ዘመን እንዳላየሁ ያን ቀን ገባኝ።

አሁን ስኳር አለብኝ፣ ዐይኔ እየደከመ ነው። ሐኪሙ ብዙ አልተናገረም፣ የመጪውን ዓመት ግን አላምነውም። በዚህ በጋ ካላየሁት አላየውም። ከዚህ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አሁን ተራው የኔ ነው። እርስዎ ፊደል አልቆጠሩም ነበር፤ ይህን ሸጋ ጽሕፈት የሚጽፍልዎ ማን ነው? «አነበብነው» ብለዋል፤ እነማን ሆናችሁ? ልጅዎ ክንዱ ጎልማሳ ሆኗል ሲሉ ሰማሁ። ይህን ደብዳቤ አይቶታል? መመለስ ከከበደዎ ይተዉት፤ መክበዱም ራሱ መልስ ነው።

አክባሪዎ ሰውአገኝ


ጥቁር ውሃ
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ሰውአገኝ

እንደምን ሰነበቱ? ዐይንዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ይህን ከልቤ ነው የምለው፤ ቀሪውን እንደመሰለዎ ያንብቡት።

እርስዎ ሲጠይቁ እንደ መርማሪ ፖሊስ ነው። የሚጽፉልኝ የነፍስ አባቴ ቄስ ገብረ ሚካኤል ናቸው። ያነበብነውም እኔና እሳቸው ነን። ክንዱ የለም። ከጥምቀት ማግስት መተማ ለሥራ ወርዷል፣ ለትንሣኤም መምጣቱን እንጃ።

የድንጋይ አበባው ገና ነው። ግንዱ እንደ ቅል አብጦ ተቀምጧል፣ ጫፉ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ነገር ብቅ ብላለች። ሲፈነዳ የምናየው ከደብረ ዘይት በኋላ ነው፤ ፈንድቶም ብዙ አይቆይ። ስለዚህ ቁርጡን ካወቁ መጋቢት 27፣ የመድኃኔ ዓለም ዕለት ይምጡ። በዚያ ቀን ማንም በማንም ላይ እጁን አያነሣም። ወንዶቹም ንግሥ ስለሚሄዱ አይኖሩም፣ ደጁ ጭር ያለ ነው። ዛሪማ ከመኪና ሲወርዱ የሚመራዎ ሰው እሰዳለሁ። ዋናውን መንገድ ትታችሁ በወንዙ በኩል ትወጣላችሁ። በዚያ በኩል ሰው አያያችሁም።

ፈቀድሁ ማለት ግን አመንሁ ማለት አይደለም። ሸሚዝ ሲሉ ቄሱ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

የትነበርሽ


ጎንደር፣ አዘዞ
የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ የትነበርሽ

እንደምን ሰነበቱ? ስለ ፈቃድዎ አመሰግናለሁ። ደብዳቤውን ለአየለች ሳነብላት ግን እስከ መጨረሻው አላስኬደችኝም። «ወንዶቹ አይኖሩም፣ ደጁ ጭር ያለ ነው፣ በወንዙ በኩል ነው፣ ሰው አያያችሁም» የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አጠፈችው። «ይኼ ግብዣ ነው ወይስ የቀብርህ ፕሮግራም?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጉዞው ሳነሣ ተነሥታ ትወጣለች።

እኔም ብሆን ልቤ አላረፈም። ወንዶቹ ቤት ከሌሉ የት ናቸው? ቤት የተቀመጠን ወንድ ቢያንስ ያዩታል፤ የሌለው ነው ከቋጥኝ ጀርባ የሚገኘው። በበዓል ቀን እጅ አይነሣም ይላሉ። ወይዘሮ የትነበርሽ፣ አምሐ መለሰን የገደለው በጊዮርጊስ ዕለት ነው። ይህን የጻፍሁት እያፈርሁ ነው፤ እርስዎ ግን ከኔ ይልቅ ያውቁታል።

የሚመራኝ ሰውስ ማን ይባላል? የማን ልጅ ነው?

ስንቄን በሶና ውሃ ይዤ እመጣለሁ። አይቀየሙኝ። የዚያ አበባ ግንድ ሲቆረጥ የሚወጣው ወተት መርዝ ነው። ልጆች ሆነን ወንዙ ውስጥ ጨምረን ዓሣ እናሰክርበት ነበር። መለሰም አብሮን ነበር፣ ከሁላችን የሚበልጥ ዋናተኛ እሱ ነበር። ይህን ለምን እንደጻፍሁት አላውቅም፣ መጣልኝ።

ወደዚያ መምጣቴን ሦስት ሰዎች ያውቃሉ። የደብዳቤዎችዎ ኮፒም አንደኛው ዘንድ ተቀምጧል።

ሰውአገኝ


ጥቁር ውሃ
መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ሰውአገኝ

ሰላምታዬን ልቆጥበው ነበር፣ ጾም ነውና ሰላም ለርስዎ ይሁን።

ስንቄን ይዤ እመጣለሁ አሉኝ። በኛ አገር እንግዳ ደጃችን ላይ ስንቁን ፈትቶ ከበላ ቤቱ ፈርሷል ማለት ነው። ጎንደር ብዙ ቆዩና ይህንም ረሱት? ከስድብ ሁሉ ይህ ባሰብኝ።

ሦስት ሰው ያውቃል አሉኝ። ሦስቱ ምን ይዘው ነው የሚጠብቁት? እርስዎ ዘንድ አየለች ካለች እዚህም ተናጋሪ አለ። «አበባው ሰበብ ነው፤ ልጁ ሳይቀድመው ሊቀድም ነው የሚመጣው» የሚል አለ። እንዲህ ያደረገ ሰው ከዚህ በፊት ታይቷል፣ የደመኛው ልጅ ነፍጥ ከማንሣቱ በፊት ከሥር የሚነቅል። እስኪ ደብዳቤዎችዎን መልሰው ያስቡ። ስንት ወንድ አለ? ልጁ አድጓል? ማን ይጽፍልዎታል? ወንዶቹ የት ይውላሉ? መሪው የማን ልጅ ነው? ከጠየቁኝ ሁሉ ስለ አበባው የሆነው ስንት ነው? መምህር ነዎት፣ ይቁጠሩት።

የኔ ቃል ይህ ነው። ከዚህ ቤት እህል ሳይቀምሱ አበባውን አያዩም። ከሚመራዎ ሰው ጋር በአንድ ገበታ ይቀርባሉ። አብሮ እህል የቀመሰ ሰው እጁን አያነሣም፤ ከዚያ በኋላ የሚያነሣ የተረገመ ነው። ይህን ከፈሩ ነገሩ የአበባ አይደለም ማለት ነው፤ እኔም ቁርጡን አውቄ ልቀመጥ።

መሪዎ አድማሴ ይባላል። የማን ልጅ እንደሆነ ሲገናኙ ይጠይቁት።

አንዷ እምቡጥ ትናንት ጫፏ ቀላ።

የትነበርሽ


ጎንደር፣ አዘዞ
መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ የትነበርሽ

ቆጠርሁ። ስለ አበባው የጠየቅሁት አንድም የለም። ተማሪ ቢሆን ኖሮ ዜሮ እሰጠው ነበር።

እመጣለሁ። ዓርብ ደባርቅ አድሬ ቅዳሜ መጋቢት 27 ጠዋት ዛሪማ እወርዳለሁ። ሰማያዊ ሹራብ ለብሻለሁ፣ ጥቁር ቦርሳ ይዣለሁ። ብቻዬን ነኝ። መሣሪያ አልይዝም። ስንቄን አስቀርቻለሁ፣ ስለ ስንቁ ላልሁት ይማሩኝ።

ሁለት ነገር ብቻ እለምናለሁ። አድማሴ ከፊቴ ይሂድ፣ ከኋላዬ ሰው ሲሄድ አልወድም። ገበታው ላይም እሱ ይቅደም። ይህን ማለቴን ለሰው አይንገሩብኝ፣ ከዚህ ዕድሜ በኋላ ፈሪ መባል አልፈልግም። ፈሪ መሆኔን ግን ለርስዎ አልደብቅም። እዚያ ቁልቁለት ላይ ከማየው የሚበልጥ ነገር እንደሌለኝ አውቃለሁ።

ሰውአገኝ


ጥቁር ውሃ
መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ሰውአገኝ

ይምጡ። ፈንድቷል። ገደሉ በሙሉ በዚያ ቀይ ቀለም ነው፣ ከወንዙ ማዶ ሳይቀር ይታያል።

እኔ አሞኝ ተኝቻለሁና ከደጅ አልቀበልዎትም። ገበታው ግን ይቀርባል፣ የጾም ነው። ይህን ሲያነቡ «ዛሬ ምን አሳመማት?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ይበሉ። አበባው እኔንም እርስዎንም አይጠብቅም።

የትነበርሽ


ጎንደር፣ አዘዞ
ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ የትነበርሽ

እንደምን አሉ? ሕመሙ ሻል አለዎ? በሰላም ገብቻለሁ። አየለች ከደጅ ስታየኝ ሰላም ሳትለኝ ጀርባዬን ዳበሰች፣ ቀዳዳ የምትፈልግ ይመስል። አሁን ደህና ናት፣ ትሥቃለች። እኔ ነኝ ያልሆንሁት። የማላወራርደው ነገር ተቀምጦብኛልና ለርስዎ እናገራለሁ፤ የነፍስ አባቴ እስኪመጡ አልቆይም።

አንደኛ፣ ዋሽቻለሁ። መሣሪያ አልይዝም ብዬ ከደብተሬ ሥር የአማቼን ሽጉጥ ይዤ ነበር። ከአበባው ሥር ደርሰን ደብተሩን ሳወጣ የሽጉጡ እጀታ አብሮ ብቅ አለ። አድማሴ ያየው መሰለኝ። ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ቆመ፣ እስክመልሰው ድረስ ዞር አላለም።

ሁለተኛው ይብሳል። ወደ ገደሉ ከመውጣታችን በፊት ግቢዎ ውስጥ ከግራሩ ሥር ገበታው ቀረበ፤ ሽሮና ጎመን ነበር። አድማሴ «ይጀምሩ» ብሎ ተቀመጠ። እሱ ይቅደም ያልሁትን እንደረሳ አስመሰለ፣ እኔም አፍ አውጥቼ ለማስታወስ አፈርሁ። የዓሣው መርዝ ከዐይኔ አልጠፋ አለ። ታዲያ ምን አደረግሁ? ከወጡ መካከል ጠቅልዬ አጎረስሁት። በጉርሻ ፈተንሁት፣ ወይዘሮ የትነበርሽ። አመስግኖ ተቀበለኝ፣ አላምጦ ዋጠ። እስኪውጥ ድረስ ጉሮሮውን ነበር የማየው። ከዚያ በኋላ እሱም አጎረሰኝ፣ በላሁ። ብዙ በላሁ፣ ሸጋ ሽሮ ነበር። የእንግድነትን ጉርሻ ለመርዝ መፈተኛ ያዋለ ሰው ከኔ በፊት ካለ አላውቅም።

አበባውን አየሁ። ፔታሉ አምስት ነው። አምስት ዛፍ ላይ ቆጠርሁ፣ ሁሉም አምስት ነው። በሽጉጡ ነገር አፍሬ ግን አንድም ሳልቆርጥ ተመለስሁ። ገጹ አሁንም ባዶ ነው። ሁለቱን ሸሚዝ ለቤቱ ወንዶች ብዬ ለአድማሴ ሰጥቼዋለሁ።

አሁን የሚያስጨንቀኝን ልጠይቅ። በርዎ ለምን ተዘጋ? የታመመ ሰው ያለበት ቤት ሰው ይገባል ይወጣል፤ እዚያ ስቀመጥ ሳል እንኳ አልሰማሁም። አድማሴ «የማን ልጅ ነህ?» ብለው «የዚሁ አገር» ብሎ አለፈኝ። ሲስቅ ግንባሩን የሚቋጥረው ነገር አለ። ያን አቋጠር አውቀዋለሁ፣ ወንዙ ውስጥ አብሬው ከዋኘሁ ሰው ላይ አይቼዋለሁ።

አድማሴ ማን ነው? እውነቱን ይንገሩኝ። ክፉም ቢሆን ካለማወቅ ይሻለኛል።

ሰውአገኝ


ጥቁር ውሃ
ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ሰውአገኝ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ፣ እማማ አየለችንም እንኳን አደረሰዎት ይበሉልኝ።

ጽሕፈቱን ያውቁታል፤ ስሙን ገና አሁን ልንገርዎ። ክንዱ መለሰ ነኝ። መተማ አልወረድሁም። አድማሴ የሚባል ሰው የለም። ቄስ ገብረ ሚካኤልም ከነዚህ ደብዳቤዎች አንድ ቃል አልጻፉም፤ ስማቸውን በሐሰት ማንሣቴን ነግሬያቸው ንስሐ ሰጥተውኛል። እናቴ የትነበርሽ ከሞተች በሰኔ ሁለት ዓመቷ ነው። በሩ የተዘጋው ውስጥ ሰው ስለሌለ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤዎ የመጣው ለሞተ ሰው ነበር፤ ዙበይዳ ነች «የእናትህ ነው፣ አንተው ክፈተው» ብላ የሰጠችኝ።

በእናቴ ስም ለምን መለስህ ይሉኝ ይሆናል። አባቱ የተገደለበት ልጅ ከደመኛው ጋር ደብዳቤ ተጻጻፈ ቢባል እዚህ አገር ፊቴን የት አደርገዋለሁ? ሴት ብትጽፍ ነገር የለውም። ደግሞ ፈራሁ። እርስዎ ስንት ወንድ አለ ሲሉኝ ሊያጠፉኝ የሚመጡ መሰለኝ። የኔ ደብዳቤ እርስዎን ሲያስፈራ፣ የርስዎ ደግሞ እኔን ሲያስፈራ፣ ክረምት ሳይገባ ከሁለት አንዳችን እንደምንሞት እርግጠኛ ነበርሁ።

የአባቴ ጠመንጃ ከአበባው ጀርባ፣ ከድንጋዩ ሥር ነበር። እህል ሳይቀምሱ አበባውን አያዩም የሚለውን ሕግ ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ እርስዎ እህሌን እንቢ ካሉ ግን ወደዚያ ይዤዎት ልወጣ ነበር። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል። ሳላስታውስ ቀርቼ አይደለም «ይጀምሩ» ያልሁዎ። ምን እንደሚያደርጉ ልይ ብዬ ነው። ያን ጊዜ አጎረሱኝ።

መርዙን ሊፈትኑ እንደሆነ ገብቶኛል። ጉሮሮዬን ሲያዩ አይቻለሁ። ግን አያ ሰውአገኝ፣ ጉርሻ ጉርሻ ነው። የአምሐ ወንድም በእጁ አጎረሰኝ፣ እኔም ዋጥሁት። ከዚያ ወዲያ ሽጉጥዎን ሳይ ወንዙን ከማየት ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ሽጉጡን ከጉርሻው በፊት አይቼው ቢሆን ምን እንደምሆን አላውቅም፤ ባላውቀው ይሻላል።

እናቴ «ልጄ ይደግና ራሱ ይወስን» ስትል ምን እንድወስን እንደምትፈልግ አልነገረችኝም። ስትሞትም አልነገረችኝም። ስለዚህ በራሴ ወስኛለሁ። አራተኛውን ሽማግሌ ይስደዱ፤ አልመልሳቸውም። በአደባባይ፣ በቄሱ ፊት፣ ሰው ሁሉ እያየ ይሁን። በወንዙ በኩል መምጣት የለባችሁም፣ በዋናው መንገድ ኑ። እማማ አየለችም ይምጡ።

ከወረቀቱ ጋር አንድ አበባ አለ። በአባቴ ዳዊት ውስጥ ተጭኖ የደረቀ ነው። ለባዶው ገጽ ይሁንዎ።

በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ግርጌ የጠየቁኝን እስከ ዛሬ አልመለስሁም ነበር። ሸሚዙ ልክ ነው፤ ሁለተኛው ግን ተርፏል። በቤቱ ያለው ወንድ አንድ ነው። ብቻዬን ነኝ።

ክንዱ